ዋለልኝ መኰንንና የኅዳር 29 ነገር

በዚህ እትም የሕይወቱን ታሪክ የምናቀርብላችሁ ሰው እንደ እኛው ተማሪ ሳለ የሞተ ነው። ስሙን የማያውቅ በግቢያችን አይገኝም፤ ጽሑፉን ያነበበ ግን ጥቂት ነው። ይህንንም ለወቀሳ አንናገረውም፤ እኛም ይህን ገጽ ለማዘጋጀት እስክንነሣ ድረስ ሳናነብ ከሚከራከሩት ወገን ነበርንና።

ዋለልኝ መኰንን የወሎ ልጅ ነው። ደሴ በሚገኘው የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ተምሮ በጊዜው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል ወደነበረው ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በዚያም የፖለቲካ ሳይንስ ያጠና ነበር።

በዚያን ዘመን በአገራችን ምርጫ አልነበረም ማለት አይቻልም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን ሕዝብ እንዲመርጥ ፈቅዶ ነበር። ነገር ግን ፓርቲ ማቋቋም አልተፈቀደም፤ ተወዳዳሪውም ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። በድምፅ ካርድ ላይ የሰው ስም ይወጣል እንጂ፣ በዚህች አገር ያሉት ልዩ ልዩ ሕዝቦች እንዴት አብረው ይኑሩ የሚለው ነገር አይጠየቅበትም። የኤርትራ ፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. ሲፈርስም ጉዳዩ በኤርትራ ምክር ቤት አልፎ ተፈጸመ እንጂ ሕዝቡ ወጥቶ ድምፁን አልሰጠበትም።

እንግዲህ ዋለልኝ ያን ጥቂት ገጽ ጽሑፍ ያቀረበው ይህ ባለበት ጊዜ ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ልሳን በሆነችው ስትራግል መጽሔት ላይ ወጣ። አሳቡም ባጭሩ ይህ ነው፤ ኢትዮጵያ አንድ ብሔር አይደለችም፤ የየራሳቸው ቋንቋ፣ ታሪክ፣ ልብስና ምድር ያላቸው የብዙ ብሔሮች አገር ናት። ኢትዮጵያዊነት የሚባለው ግን በተግባር የአማራን፣ በመጠኑም የትግሬን ልማድ እንደ ጭምብል መልበስ ሆኗል። ይህን የሚለው እርሱ ራሱ ከአማራ ወገን ሆኖ ነው። መፍትሔው ሁሉም በእኩልነት ቋንቋውንና ባህሉን የሚያሳድግበት መንግሥት መመሥረት ነው፤ ወደዚያ የሚያደርሰውም መንገድ የመኰንኖች ግልበጣ ሳይሆን የትጥቅ ትግል ነው ይላል። የመገንጠልን እንቅስቃሴም ለሰፊው ሕዝብ የቆመ እስከሆነ ድረስ ይደግፋል።

አንድ ነገር እናስተውል። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ጠመንጃ አለ፤ የድምፅ ሳጥን የለም። ሳጥኑ ምን ይመስል እንደነበር ከላይ ስለተናገርን በዚህ አንፈርድበትም። የምንወቅሰው በሌላ ነው። በአንድ ብሔር ምድር ውስጥ የሚኖር የሌላ ብሔር ሰው ምን ይሁን? ይህን አላነሣውም። ኋላ ግን ብዙ ደም ያፈሰሰው ይኸው ሆኖ ተገኘ።

ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን፣ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። በማግሥቱም ወታደሮች ግቢው ውስጥ ገብተው በተማሪዎች ላይ ተኰሱ።

ዋለልኝ ከዚህ በኋላ ሦስት ዓመት ብቻ ኖረ። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከስድስት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከቦሌ በተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተሳፈረ። አውሮፕላኑን ሊጠልፉ ሲነሡ ጠባቂዎቹ ተኰሱባቸው፤ የእጅ ቦምብም ፈነዳ። ከሰባቱ ስድስቱ ሞቱ፤ ከእነርሱም አንዷ የሕክምና ተማሪዋ ማርታ መብራህቱ ነበረች። አብራሪው የተጎዳውን አውሮፕላን መልሶ ቦሌ አሳረፈው። ምንም የማያውቁ መንገደኞች በተሳፈሩበት አውሮፕላን ላይ ቦምብ ይዞ መግባት ለምንም ዓላማ ቢሆን ልክ ነው አንልም፤ ጀግንነቱን የሚያወሩልን ሰዎች ይህን ዘለው ነው የሚያልፉት።

ልክ በሃያ ሁለተኛው ዓመት፣ በዚያችው ቀን፣ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ ዛሬ ያለው ሕገ መንግሥት ጸደቀ። ቀኑ አሁን የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ተብሎ በየዓመቱ ይከበራል። ዋለልኝ በጽሑፉ ያላነሣው የድምፅ ሳጥን በዚህ ሕግ ውስጥ ገባ። በአንቀጽ 39 መሠረት መገንጠል የሚፈልግ ብሔር ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲወስን፣ የፌዴራሉ መንግሥት በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። በአንቀጽ 47 ደግሞ የራሱን ክልል ለማቋቋም ለጠየቀ ብሔር ክልሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደርግለታል። ከሕገ መንግሥቱም በፊት፣ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም.፣ ኤርትራውያን 99.8 በመቶ ሆነው ነፃነትን መርጠው ነበር።

በአንቀጽ 47 ክልል ለመሆን የመጀመሪያው ሲዳማ ነው። የዞኑ ምክር ቤት ጥያቄውን በሐምሌ 2010 ዓ.ም. አቀረበ። የአንድ ዓመቱ ጊዜ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ሲያልፍ ሕዝበ ውሳኔው ስላልተደረገ ሁከት ተነሣና ብዙ ሰው ሞተ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ግን 2.3 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመዝግቦ ድምፅ ሰጠ፤ 98.5 በመቶውም ክልል መሆንን መረጠ። ደቡብ ምዕራብ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ደቡብ ኢትዮጵያ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ተከተሉ።

ከመቶ ዘጠና ስምንት ሲባል እኛ ተማሪዎች ቆም ብለን ማሰብ አለብን። እንዲህ ያለው ድምፅ አሳብን ከአሳብ ጋር ከማመዛዘን ይልቅ ወደ ሕዝብ ቆጠራ ያደላል፤ የድምፅ ሰጪውን ብሔር ያወቀ ሰው ውጤቱን አስቀድሞ ሊናገር ይችላል። ሐዋሳ ከተማ ውስጥ ወላይታውም፣ አማራውም፣ ጉራጌውም፣ ሌላውም ይኖራል፤ እነርሱ ለየብቻ በሚቆጠሩበት ሳጥን ድምፅ አልሰጡም። ቢሆንም ሲዳማ በሐምሌ በሁከት ሊያገኘው ያልቻለውን በኅዳር በአንዲት ቀን ካርድ አገኘ፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ዋለልኝ በሕይወት ቢቆይ ኖሮ ይህን ሲያይ ይደሰት ወይም ይከፋ ነበር እያሉ በስሙ የሚናገሩትን ግን አንቀበልም። አንዱ ወገን ሰማዕት፣ ሌላው አገር አፍራሽ ይለዋል፤ በሃያዎቹ ዕድሜ የተቀጨ ተማሪ ግን የጻፈውን ለማረም ጊዜ አላገኘም።

አዲስ አበባን በተመለከተ አንቀጽ 49 ነዋሪዋ ራሱን እንዲያስተዳድር መብት ይሰጠዋል፤ ለኦሮሚያም ልዩ ጥቅም ይጠብቅለታል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በከተማውና በኦሮሚያ መካከል ያለው ወሰን በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ያሉትን የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ጭምር የሚነካ ሆኖ ሲካለል፣ ነገሩ በሁለቱ አስተዳደሮች ስምምነት አለቀ፤ የድምፅ ሳጥን አልወጣም። ያ አውሮፕላን ከተነሣበት ከቦሌ ሜዳ እስከነዚያ ሰፈሮች በታክሲ ቢሄዱ ሩቅ አይደለም።