ኢብኑ ሲና እና የመድኃኒት ሚዛን

በዚህ እትም የምናስታውሳቸው ታላቁን ሐኪም ኢብኑ ሲናን ነው።

ኢብኑ ሲና በ370 ዓመተ ሂጅራ (980 እ.ኤ.አ.) በቡኻራ አቅራቢያ፣ አፍሸና በምትባል መንደር ተወለዱ። በአሥር ዓመታቸው ቁርኣንን አጠናቀቁ። ገና ወጣት ሳሉ ገዢውን ኑሕ ኢብኑ መንሱርን በማከማቸው የቤተ መንግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተላቸው።

«አል-ቃኑን ፊ-ጢብ» የተባለው መጽሐፋቸው አምስት ክፍሎች አሉት። በሁለተኛው ክፍል መድኃኒት እንዴት እንደሚፈተን ደንብ አወጡ። መድኃኒቱ ባዕድ ነገር ያልነካው ይሁን፤ በአንድ ነጠላ በሽታ ላይ ይሞከር፤ መሥራት የሚጀምርበት ጊዜ ይታይ፤ ውጤቱ ደጋግሞ ይታይ፤ ኃይሉም ከበሽታው ኃይል ጋር ይመጣጠን። በአንበሳ ወይም በፈረስ ላይ የታየ ውጤት ለሰው ማስረጃ ላይሆን ስለሚችል፣ ፈተናው በሰው አካል ላይ መሆን አለበት አሉ።

መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚነካ ግን በዘመናቸው አልታወቀም ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው ሆርሞንም ሆነ አብዛኛው መድኃኒት ከሴሎች ተቀባይ ፕሮቲኖች ጋር ተጣብቆ ይሠራል። በኦፒየም ውስጥ ያለው ሞርፊን የሚጣበቅባቸው ተቀባዮች በአንጎልም በአንጀትም አሉ። ስለዚህ ሕመምን ሲያስታግስ አንጀትንም ያዘገያል፤ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ አተነፋፈስን እስከ ማቆም ይደርሳል።

የኢብኑ ሲና መጨረሻ ይህንኑ ያስተምራል። ከባድ የሆድ ቁርጠት ይዟቸው ራሳቸውን ሲያክሙ፣ አንድ ረዳት ሐኪም ካዘዙት እጅግ የበዛ የሰለሪ ዘር ጨመረ፤ ሕመሙም ባሰ። ገንዘባቸውን የሰረቀ አገልጋይም በመድኃኒታቸው ውስጥ ብዙ ኦፒየም እንደጨመረ ተማሪያቸው አል-ጁዝጃኒ ጽፏል። ጥቂት ቢያገግሙም ሕመሙ እየተመላለሰ አዳከማቸው፤ በ428 ዓመተ ሂጅራ (1037 እ.ኤ.አ.) ሐመዳን ውስጥ አረፉ። አላህ ይዘንላቸው።

ወንድሞችና እህቶች፣ መድኃኒትን እንዲህ የመዘኑት ሰው የተጎዱት ሚዛኑ በሌላ ሰው እጅ ሲዛባ ነው። ነገ ፋርማሲስት፣ ነርስ ወይም ሐኪም ለምትሆኑ መጠን አማና ነው። ሌሎቻችንም ለጓደኛችን የታዘዘውን የሕመም ማስታገሻ «ለኔም ይሆናል» ብለን አንዋጥ። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን። አሚን።