የአርባዎቹ ልጆች መምህር

ተማሪዎች ሆይ፣ በፎገራ ሜዳ ከብት የጠበቀ ወይም ወደ ወረታ ገበያ ሲሄድ ከእረኞች ጋር ያረፈ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። እረኛው ሁለት ዋሽንት ቢይዝና በሁለቱም ላይ ጣቶቹን በአንድ ዓይነት አኳኋን ቢያሳርፍ፣ ረጅሙ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ጣቱ አንድ ነው፤ ድምፁ ግን ሁለት ነው። ይህን ቀላል እውነት በታላላቅ የናስ መሣሪያዎች ላይ ለአገራችን ወጣቶች ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላሉ።

ኬቮርክ የተወለዱት በ1879 ዓ.ም. ገደማ ዛሬ በቱርክ አገር በምትገኘው በአይንታብ ከተማ ነው። ወገናቸው አርመን ነበር። በ1907 ዓ.ም. በኦቶማን መንግሥት ዘመን በአርመኖች ላይ እልቂት በደረሰ ጊዜ ብዙ ሕፃናት ያለ እናትና አባት ቀሩ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ በኢየሩሳሌም በአርመን ገዳም ተጠግተው የናስ ሙዚቃ ይማሩ ነበር።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በኢየሩሳሌም የእነዚህን ልጆች ሙዚቃ ሰሙ። በጣዕሙም ተደስተው፣ ፓትርያርኩን አስፈቅደው፣ አርባ ወጣቶች በዚያው ዓመት ማብቂያ ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ አደረጉ። ሕዝቡም አርባ ልጆች ብሎ ጠራቸው። መሪና አስተማሪ ሆነው የተመረጡት ኬቮርክ ነበሩ።

የሙዚቃ ጓድ መሪ ሥራ ከባድ መሆኑን ልብ በሉ። የሲ ቤሞል ትራምፔት ነፊ በወረቀቱ ላይ ዶ የምትል ምልክት አይቶ ሲነፋ፣ የሚሰማው ድምፅ በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ያለው ሲ ቤሞል ነው። የፋ ሆርን ነፊ ያችኑ ዶ ሲነፋ ደግሞ ከእርስዋ በታች ያለው ፋ ይሰማል። ፍሉት ግን እንደ ተጻፈለት ይናገራል። እንዲህ የተደረገው ነፊው ከትልቁ መሣሪያ ወደ ትንሹ ሲዛወር የጣቱን አያያዝ እንደ አዲስ እንዳይማር ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው የትራምፔቱን ወረቀት በፒያኖ ሊጫወት ቢፈልግና የተጻፈውን ዶ እንዳየ የፒያኖውን ዶ ቢነካ፣ ከነፊው ጋር አይስማማም። ከሲ ቀጥሎ በስተግራ ያለውን ጥቁር ቁልፍ መንካትና ሌሎቹንም ሁሉ በዚያው ልክ ዝቅ ማድረግ አለበት። መሪውም ዜማ ሲደርስ የእያንዳንዱን መሣሪያ ጠባይ አውቆ ለየብቻው ካልጻፈለት፣ አርባ ሰው አርባ ዓይነት ጩኸት ያሰማል እንጂ አንድ ዜማ አይወጣውም።

ኬቮርክ ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ስለ ነበር፣ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የደረሱለትን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ አዘጋጁ። መዝሙሩም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተሰማ፤ ከዚያም ከ40 ዓመት በላይ የአገሪቱ መዝሙር ሆኖ ኖረ። ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችና አገሩን ያጣ መምህር፣ ለተቀበለቻቸው አገር ድምፅ ሆኑላት።

የአርባዎቹ ልጆች ውል አልቆ ብዙዎቹ ሲበተኑ ኬቮርክ ግን ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ማስተማራቸውን ቀጠሉ። በ1950ዎቹ አጋማሽም አረፉ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ሥራቸውን ተከትለው በማዘጋጃ ቤትና በቴአትር ቤት ብዙ ሙዚቀኞችን አፈሩ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ከዚህ ሕይወት የምንማረው ይህን ነው፦ ኅብረት የሚገኘው ሁሉም አንድ ዓይነት ሲናገር አይደለም፤ የእያንዳንዱ ጠባይ ታውቆ ተገቢው ቦታ ሲሰጠው ነው።

መልመጃ

1. የትራምፔት ወረቀት በፒያኖ እንደ ተጻፈ ቢነካ ዜማው የማይስማማው ለምንድን ነው?
2. ጓድ፣ ጠባይ፣ ኅብረት፣ አፈሩ፤ እነዚህን ቃላት በየራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አግቡ።
3. በአካባቢያችሁ የሚገኝ ዋሽንት ነፊ እንዴት እንደሚጫወት ጠይቃችሁ በሁለት አንቀጽ ጻፉ።