ኒኮላስ ስቴኖ

ኒኮላስ ስቴኖ (በአገሩ ቋንቋ ኒልስ ስቴንሰን፤ ከ1638 እስከ 1686 እ.ኤ.አ.) የዴንማርክ ሐኪም፣ የሥነ ምድር ጥናት መሥራችና በመጨረሻም የካቶሊክ ጳጳስ ነበር። በዓለት ውስጥ ተቀብረው የሚገኙት የምላስ ድንጋዮች በጥንት ዘመን የኖሩ ሻርኮች ጥርሶች መሆናቸውን በማስረዳቱ ይታወቃል። ከዚያም ተነሥቶ የዓለት ንብርብሮች የተሠሩበትን ቅደም ተከተል ለማንበብ የሚያስችሉ ሕጎችን አወጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትምህርቱና የሕክምና ሥራው

ስቴኖ በኮፐንሃገን ከሉተራን ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ለንጉሥ ክርስቲያን 4ኛ ቤት የሚሠራ ወርቅ አንጥረኛ ነበር። በ1656 ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከታወቀው ሐኪም ከቶማስ ባርቶሊን ዘንድ ተማረ። በ1660 ወደ አምስተርዳም ሄዶ የበግ ራስ ሲመረምር፣ ከጆሮ ሥር ካለው የምራቅ ዕጢ ወደ አፍ የሚወስደውን ቦይ አገኘ። በቤቱ ያስተናገደው መምህሩ ጌራርድ ብላሲየስ ግኝቱ የእርሱ እንደሆነ በመናገሩ ክርክር ተነሣ፤ ይሁን እንጂ ቦዩ እስከ ዛሬ በሕክምና መጻሕፍት የሚጠራው በስቴኖ ስም ነው። በዚያ ዘመን ልብ የሙቀት ምንጭ ነው ይባል ስለነበር፣ ከሌላው የማይለይ ጡንቻ መሆኑን ማሳየቱም ቀላል ነገር አልነበረም።

የሻርኩ ራስ

በ1666 ወደ ፍሎሬንስ ከተማ ሄዶ በቶስካና መስፍን በፌርዲናንዶ 2ኛ ዘንድ ተጠጋ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በሊቮርኖ ወደብ አቅራቢያ ዓሣ አጥማጆች እጅግ ትልቅ ሻርክ ያዙ። መስፍኑም ራሱ ተቆርጦ ስቴኖ ዘንድ እንዲመጣና እንዲመረመር አዘዘ።

ስቴኖ ጥርሶቹን ሲያይ የምላስ ድንጋይ የሚባሉትን አስታወሱት። እነዚህ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያላቸው ድንጋዮች በተለይ በማልታ ደሴት በብዛት ይገኙ ነበር። የጥንቱ ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ ጨረቃ ስትጨልም ከሰማይ እንደሚወርዱ ጽፏል። የማልታ ሰዎች ደግሞ፣ በሐዋርያት ሥራ እንደተጻፈው ቅዱስ ጳውሎስ በመላጥያ (ማልታ) እፉኝት በነከሰው ጊዜ ደሴቲቱን ስለረገመ የእባቦቹ ምላስ ድንጋይ ሆነ ይሉ ነበር። ስለዚህም መርዝ ያረክሳሉ ተብሎ ሰዎች በአንገታቸው ያንጠለጥሏቸው ነበር።

ጥርስ ናቸው ያለው የመጀመሪያው ሰው ስቴኖ አልነበረም፤ ጣሊያናዊው ፋቢዮ ኮሎና በ1616 ይህንኑ ጽፎ ነበር። አስቸጋሪው ጥያቄ የባሕር እንስሳ ጥርስ ከባሕር ርቆ፣ ያውም በጠንካራ ዓለት ውስጥ እንዴት ሊገባ ቻለ የሚለው ነበር። ብዙ ሊቃውንት ድንጋዮቹ እዚያው መሬት ውስጥ ይበቅላሉ ብለው ያምኑ ነበር። ስቴኖ በ1667 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን መረመረ። በዓለት ውስጥ ቢያድጉ ኖሮ፣ የዛፍ ሥር ግንብ እንደሚሰነጥቅ ዙሪያቸውን በሰነጠቁት፣ የራሳቸውም ቅርጽ በተጣመመ ነበር። ስለዚህ ጥርሶቹ የተቀበሩት ዓለቱ ገና ጭቃ ሳለ መሆን አለበት። በመጽሐፉ ያለው ታዋቂ የሻርክ ራስ ሥዕል ግን የሊቮርኖው ሻርክ አይደለም፤ ሚኬሌ መርካቲ ከተባለ የቀድሞ ሊቅ ሥራ የተወሰደ ነው።

የንብርብሮች ሕግ

በ1669 የታተመው ሁለተኛው ሥራው የበለጠ ርቆ ሄደ። ዓለቱ አስቀድሞ ዝቃጭ ከነበረ፣ ከታች ያለው ንብርብር ከላይ ካለው በፊት መቀመጥ አለበት። ንብርብሮች መጀመሪያ የሚቀመጡት አግድም ነው፤ ዘንበል ብለው ከታዩ በኋላ ተንቀሳቅሰዋል ማለት ነው። በሸለቆ ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ንብርብር ቢታይ ደግሞ ቀድሞ ያልተቋረጠ ነበር። በዚህ መንገድ የቶስካናን ምድር ታሪክ በስድስት ደረጃ ከፍሎ አስቀመጠ። የምድርን ዕድሜ በመጽሐፍ ቅዱስ ቆጠራ የሚለካ የዘመኑ ሰው ስለነበር፣ ታሪኩን ከኖኅ የጥፋት ውኃ ጋር አስማምቶ ነው የጻፈው። መጽሐፉ ለሰፊ ሥራ መግቢያ እንዲሆን የታሰበ ነበር፤ ሰፊው ሥራ ግን ከቶ አልተጻፈም።

ጵጵስናውና ሞቱ

ስቴኖ በ1667 ወደ ካቶሊክ እምነት ገብቶ ነበር። በ1675 ቅስና፣ በ1677 ጵጵስና ተቀብሎ ወደ ሰሜን ጀርመን ተላከ። በሃኖቨር ያገኘው ፈላስፋው ላይብኒትስ የምድር ጥናቱን መተዉን እንደ ትልቅ ጉዳት ቆጥሮታል፤ ይህ ለመፍረድ የሚያስቸግር ነገር ነው። ስቴኖ ቀለበቱንና መስቀሉን ሸጦ ለድሆች ሰጠ፤ ጾም በማብዛትም ሰውነቱ ተጎዳ። በ1686 በሽቬሪን ከተማ በ48 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑ ወደ ፍሎሬንስ ተወስዶ በሳን ሎሬንሶ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። በ1988 ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ብፁዕ ብለው ሰየሙት።

ከእርሱ በኋላ

የሻርክ አጽም እንደ ሰው ጆሮ የሚተጣጠፍ ልም አጥንት ስለሆነ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው ጥርሱ ብቻ ነው። ስዊሳዊው ሉዊ አጋሲ ከ1833 እስከ 1843 ባሳተመው ሥራ ብዙ የጠፉ ሻርኮችን የሰየመው በአብዛኛው ከጥርስ ተነሥቶ ነበር። የሻርክ ዘመድ የሚመስሉ ጥንታዊ ቅርፊቶች 450 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ናቸው። በአሜሪካ ኦሃዮ የተገኘው ክላዶሴላኬ የተባለው የጥንት ሻርክ ግን የሥጋው አሻራ ሳይቀር ቀርቷል።

የስቴኖ ሕግ በኢትዮጵያ በግልጽ የሚታይበት ቦታ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው የዓባይ በረሃ መንገድ ነው፦ ከላይ የእሳተ ገሞራ ዓለት፣ ከሥሩ የባሕር ዛጎል የያዘ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም በታች አሸዋማ ድንጋይ። በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ የመጣው ዊልያም ብላንፎርድ ይህንኑ ዓይነት የኖራ ድንጋይ በትግራይ አይቶ በቦታው ስም አንታሎ ብሎ ሰይሞታል። ከሥላሴ ካቴድራል በአራት ኪሎ በኩል ወደ ላይ ጥቂት ሲሄዱ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም የተቀመጠችው የድንቅነሽ (ሉሲ) ዕድሜ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተብሎ የታወቀውም በሐዳር ካሉት የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብሮች ነው።