ስማቸው ያልተቀረጸበት ሌንስ፤ የዶክተር ፓውል ሩዶልፍ ሕይወት

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ፎቶግራፍ ቤት የከፈተ የሙያ ባልደረባ አሮጌ ሌንስ ሲያጋጥመው አስቀድሞ የሚያነበው በቀለበቱ ላይ የተቀረጸውን ስም ነው። ይሁን እንጂ ያ ስም የሻጩ እንጂ የሠሪው የማይሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሌንሱን የቀየሰው ሊቅማ ከነጭራሹ አይነሣም። ይህ ዕጣ ከደረሳቸው ሊቃውንት አንዱ ዶክተር ፓውል ሩዶልፍ ናቸው።

ሩዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1858 በጀርመን አገር በካህላ ከተማ ተወለዱ። በ1886 ፕሮፌሰር ኤርንስት አቤ ይመሩት በነበረው በየና ከተማ የካርል ዛይስ ድርጅት ተቀጠሩ። በዚያን ዘመን የምስሉ መኻል ሲጠራ ዳርቻው ይደበዝዝ ነበር። ሩዶልፍ በኦቶ ሾት ፋብሪካ በተገኙት አዳዲስ የመስተዋት ዓይነቶች ተጠቅመው ይህን ጉድለት የሚያርም ሌንስ በ1890 አወጡ። በ1896 ፕላናርን፣ በ1902 ደግሞ ከኤርንስት ቫንደርስሌብ ጋር ቴሳርን ቀየሱ። ቴሳር አራት መስተዋቶች ብቻ ያሉት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የተጣበቁ፣ ትንሽና ምስሉ የጠራ ሌንስ ነው።

ዛይስ የማምረት ፈቃዱን ለሌሎች ስለ ሰጠ፣ ቴሳር በለንደን የሮስ፣ በፓሪስ የክራውስ፣ በአሜሪካ የባውሽ ኤንድ ሎም ስም ተቀርጾበት ወጣ። የፈጠራው መብት ጊዜ ሲያልፍም ሩሲያውያን ኢንዱስታር ብለው ሠሩት።

ሩዶልፍ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከዛይስ ወጥተው ነበር። ጦርነቱና የተከተለው የገንዘብ መርከስ ሀብታቸውን ስለ በላባቸው፣ ዕድሜያቸው ከ60 ካለፈ በኋላ በጎርሊትዝ ከተማ በሁጎ ማየር ፋብሪካ ሥራ እንደገና ጀመሩ፤ ፕላስማት የተባለውንም ሌንስ በዚያ ለገበያ አበቁ። በ1935 በኑረንበርግ ዐረፉ።

ከሞቱ በኋላ ሠሪውን በሻጩ ስም የመሸፈኑ ልማድ እየሰፋ ሄደ። በ1970ዎቹ ቪቪታር የሚል ስም የያዙት ሌንሶች በልዩ ልዩ የጃፓን ፋብሪካዎች የተሠሩ ነበሩ፤ ባብዛኛው መለያ ቁጥሩ በ37 ከጀመረ ቶኪና፣ በ28 ኮሚኔ፣ በ22 ኪኖ ነው። ቁጥሩ ቢጠፋ እንኳ መስተዋቱ ይመሰክራል። በጨለማ ክፍል የአንድ አምፑል ነጸብራቅ በሌንሱ ውስጥ ሲቆጠር ስድስት ደማቅና አንድ ደብዛዛ ከታየ፣ በቀለበቱ ላይ የማንም ስም ቢጻፍ፣ አቀማመጡ የቴሳር መሆኑን ያመለክታል። ሠሪው ፋብሪካ ባይታወቅም ቀያሹ ሩዶልፍ መሆናቸው በዚያ ይታወቃል።