በትምህርት ቤት ጉዳይ ከካቶሊካውያን ጋር የተሰለፉት ፓስተር፤ አብርሃም ካይፐር

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1853 በኔዘርላንድስ 200 ሺህ ገደማ ፕሮቴስታንቶች ለንጉሣቸው የቀረበ አቤቱታ ፈረሙ። ያስቆጣቸው የሮሙ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በሀገሪቱ የካቶሊክ ጳጳሳትን መንበር ከረጅም ዘመን በኋላ መልሰው ማቋቋማቸው ነበር። በቁጣው ግፊት መንግሥት ወደቀ፤ ጳጳሳቱ ግን በመንበራቸው ጸኑ። አብርሃም ካይፐር ያን ጊዜ የ15 ዓመት ብላቴና ነበሩ። በ1901 እኒሁ ሰው የዚያው ወንጌላዊ ሕዝብ መሪ ሆነው፣ ካቶሊካውያን ሚኒስትሮችን በካቢኔያቸው አካትተው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ጠቡ ሥር የሰደደ ነበር። ሆላንዳውያን ከካቶሊካዊቷ ስፔን አገዛዝ ነፃ የወጡት 80 ዓመት በፈጀ ጦርነት ነው። ከዚያ በኋላ የካልቪን ተከታዮች የበላይነቱን ሲይዙ፣ ካቶሊካውያን በአደባባይ ማምለክ ተከልክለው ከውጭ ተራ መኖሪያ በሚመስሉ ቤቶችና በጣሪያ ሥር በተሰወሩ ክፍሎች ይቀድሱ ጀመር። ይሁንና ቁጥራቸው ጥቂት አልነበረም፤ በካይፐር ዘመን ከሕዝቡ ሲሶ የሚበልጡ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹም የደቡቡ የብራባንትና የሊምቡርክ ሰዎች ነበሩ።

ካይፐር በ1837 ማስላውስ በተባለች ከተማ ከፓስተር ቤተሰብ ተወለዱ። በላይደን ዩኒቨርሲቲ ነገረ መለኮት አጥንተው በ1862 ዶክተር ሆኑ። ከዩኒቨርሲቲው የወጡት የአባቶችን እምነት በጥርጣሬ የሚያይ ዘመናዊ ትምህርት ቀስመው ነበር። በ1863 ቤስት ወደምትባል የገጠር መንደር ሲመደቡ ግን ፒትዬ ባልቱስ የተባለች የወፍጮ ቤት ባለቤት ልጅ ስብከታቸውን አልቀበልም አለች። ምሁሩ ፓስተር አልተቆጡም፤ ቤቷ ድረስ እየሄዱ ተከራከሯት፣ አዳመጧትም፤ በመጨረሻ የተለወጡት እርሳቸው ሆኑ። የካይፐር ፖለቲካ ከዚህ ቤት ተነሣ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ ወዲህ ራሳቸውን የገበሬው፣ የባለ እጅና የትንሹ ነጋዴ ጠበቃ አድርገው ቆጠሩ።

ዕለታዊ ጋዜጣቸው ደ ስታንዳርድ የወጣው ሚያዝያ 1 ቀን 1872 ነበር። ቀኑ የስፔንን አገዛዝ የሚወጉ ዓመፀኞች ብሪለ የተባለችውን ከተማ የያዙበት 300ኛ ዓመት ነው። ለፕሮቴስታንቱ የነፃነት በዓል ቢሆንም፣ ለካቶሊኩ በዚያው ዓመት በብሪለ የተሰቀሉ 19 ካህናትና መነኮሳት መታሰቢያም ነበር። ጋዜጣው ከልደቱ ጀምሮ ለየትኛው ወገን እንደቆመ ግልጽ ነበር ማለት ነው።

ሁለቱን ባላንጣዎች ያቀራረበው የልጆች ትምህርት ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ከየትኛውም ሃይማኖት ገለልተኛ ሲሆን ወጪውም ከግብር ይሸፈናል። ልጁን በእምነቱ ማስተማር የሚሻ ወላጅ ግብሩንም ይከፍላል፣ የራሱንም ትምህርት ቤት ያሠራል። በ1868 የካቶሊክ ጳጳሳት ልጆች በካቶሊክ ትምህርት ቤት እንዲማሩ በማዘዛቸው፣ ከሊበራሎች ጋር የነበራቸው ወዳጅነት ፈረሰ። በ1878 የወጣው ሕግ ደግሞ የሕንፃና የመምህራን ደረጃ ከፍ እንዲል አዘዘ፤ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ድጎማ ሲሰጥ ለሌሎቹ ከለከለ። ካይፐር ባነሣሡት ዘመቻ ከ300 ሺህ በላይ ፕሮቴስታንቶች ንጉሡ ሕጉን እንዳያጸድቁ በፊርማቸው ለመኑ። ካቶሊካውያንም በበኩላቸው ከ160 ሺህ በላይ ፊርማ አቀረቡ። ንጉሡ ሕጉን አጸደቁት። በዓመቱ ካይፐር ፀረ አብዮት ፓርቲን መሠረቱ፤ በ1880 ደግሞ በአምስተርዳም ነፃ ዩኒቨርሲቲን ከፈቱ።

በካቶሊኩ ወገን የተነሡት ቄስና ባለቅኔ ሄርማን ስካፕማን ናቸው። ስምምነቱ የተግባር ሰዎች ስምምነት ነበር። በየምርጫ ወረዳው ድምፅ በመጀመሪያው ዙር ካልለየለት ሁለቱ ቀዳሚዎች ዳግም ይወዳደራሉ። በዚህ ጊዜ የራሱ ዕጩ የወደቀበት ወገን ድምፁን ለሌላው ወገን አማኝ ይሰጣል። የመራጩ ቁጥር ከእጥፍ በላይ ካደገ በኋላ በተካሄደው የ1888 ምርጫ ሁለቱ በአንድነት ከ100 መቀመጫዎች ከግማሽ በላይ አገኙ። በ1889 ለሃይማኖት ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያው ድጎማ ተፈቀደ።

ካይፐር ግን ካቶሊክ አልሆኑም፤ ስለ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሥልጣንም ሆነ ስለ ቅዳሴ የነበራቸውን ተቃውሞ አልተዉም። በ1898 በአሜሪካ በፕሪንስተን ባቀረቡት ትምህርት፣ እምነትን ከነጭራሹ ከሚክደው አስተሳሰብ ጋር በሚደረገው ትግል ሮም ባላጋራ ሳትሆን አጋር ናት ሲሉ አስረዱ። ከቃልም አልፈው፣ መንግሥት የሐሰት አምልኮን ከምድር እንዲያጠፋ የሚያዝዘው የቆየ የእምነት መግለጫ ሐረግ እንዲሰረዝ ተሟገቱ፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሲኖዶስም በ1905 ሰረዘው። ለእምነት ነፃነት ይህ ከምርጫው ድል የሚበልጥ ሥራ ይመስላል።

ሁሉም አልተከተላቸውም። ከሮም ጋር መወዳጀትን ክህደት ያሉ ወንጌላውያን ነበሩ፤ በ1918 ኅብረቱን የሚያወግዝ የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ። ካይፐርም ነቀፋ የሌለባቸው ሰው አይደሉም። ለትንሹ ሰው ቆሜያለሁ እያሉ በ1903 የባቡር ሠራተኞችን አድማ በሕግ ከለከሉ፤ ለካቶሊኩ የዘረጉትን እጅም ለአይሁድ አልዘረጉም፤ በ1878 በጋዜጣቸው ስለ እነርሱ የጻፉት ዛሬም ያስወቅሳቸዋል።

በ1905 ምርጫ ተሸንፈው ሥልጣን ለቀቁ። ስካፕማን ቀደም ብለው በ1903 ሮም ውስጥ አርፈዋል። ሁለቱ የጀመሩት ግን አልቆመም፤ በ1917 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ከመንግሥቱ ጋር እኩል በጀት እንዲያገኙ ተደነገገ። ማስፈጸሚያው ሕግ በጥቅምት 1920 ወጣ። ካይፐር በቀጣዩ ወር፣ ኅዳር 8 ቀን፣ በ83 ዓመታቸው በዘ ሄግ አረፉ። በዚያ ጊዜ ሀገሪቱን ይመሩ የነበሩት ራይስ ደ ቤረንብሩክ የኔዘርላንድስ የመጀመሪያው ካቶሊካዊ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ።