ስለ ኤድዋርድ ቶምፕሰን ሕይወትና ሥራ



ዘንድሮ ስለ አንድ እንግሊዛዊ የታሪክ ጸሐፊ ልናወጋችሁ አስበናል። ሰውየው ሶሻሊስት ነበሩ። ለዕድርተኛ ግን ባዕድ አይደሉም፤ ለምን እንደሆነ ስታነቡ ታገኙታላችሁ። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኤድዋርድ ቶምፕሰን በ1924 ኦክስፎርድ ከተማ ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጣሊያን ግንባር በታንክ ጦር ተዋጉ። ታላቅ ወንድማቸው ፍራንክ ደግሞ ቡልጋሪያ ውስጥ ከፀረ ፋሺስት አርበኞች ጋር ተሰልፈው ሳለ ተይዘው በ1944 ተረሸኑ። ይህ ሐዘን እስከ መጨረሻው ከልባቸው አልወጣም።

ከጦርነቱ በኋላ በዮርክሻየር ለጎልማሶች የማታ ትምህርት ያስተምሩ ነበር። በ1963 ስለ እንግሊዝ ሠራተኛ መደብ አፈጣጠር ከ800 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ አወጡ። እስከዚያ ድረስ ታሪክ ሲባል የነገሥታትና የሚኒስትሮች ነበር፤ እሳቸው ግን የሸማኔውንና የጫማ ሰፊውን ታሪክ ጻፉ። ሴቶችን በሚገባ አላነሱም ተብለው ተወቅሰዋል፤ ወቀሳው እውነት አለው። እኛን የማረከን ግን ስለ መረዳጃ ማኅበራት የጻፉት ነው። የዛሬ 200 ዓመት ገደማ የእንግሊዝ ሠራተኞች ሳንቲም እያዋጡ በሣጥን ያስቀምጡ፣ የታመመውን ይረዱ፣ የሞተውን በክብር ይቀብሩ ነበር። ሰክሮ የመጣ ወይም የተሳደበ ይቀጣል። እንግዲህ ይህ ዕድር ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ቶምፕሰን እንዳስተዋሉት ሠራተኛው ራሱን በራሱ ማስተዳደር የተማረው ከእንዲህ ያለው ማኅበር ነው።

በፖለቲካው በኩል የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበሩ። በ1956 የስታሊን ግፍ ሲጋለጥ ከጓደኛቸው ከጆን ሳቪል ጋር ሆነው ትችት የሚያስተናግድ መጽሔት ጀመሩ። ፓርቲው አቁሙ አለ፣ እነሱም እምቢ አሉ። በዚያው ዓመት የሶቪየት ታንክ ቡዳፔስት ሲገባ ፓርቲውን ለቀው ወጡ። ሶሻሊዝምን ግን አልተዉም። ያለ ነፃነት ሶሻሊዝም የለም ባይ ነበሩ።

በ1975 በሌላ መጽሐፋቸው የ1723ቱን የእንግሊዝ ሕግ መረመሩ። ሕጉ ፊትን አጥቁሮ ሚዳቋ ማደንን ሳይቀር በስቅላት የሚያስቀጣ፣ ባለጸጎች ለራሳቸው ያወጡት ሕግ ነበር። ታዲያ ቶምፕሰን ይህን ሁሉ ካሳዩ በኋላ ገዢን የሚያስር ሕግ መኖሩ ለድሃውም መከታ ነው ሲሉ ደመደሙ። ብዙ የግራ ክንፍ ጓዶቻቸው ተቆጡ። በኛ አስተያየት ግን ልክ ነበሩ።

በ1979 መጨረሻ ኔቶ አዳዲስ የኑክሊየር ሚሳይሎች በአውሮፓ እንዲተከሉ ወሰነ። የእንግሊዝ መንግሥትም ሕዝቡ በቦምብ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጀ። በር ነቅላችሁ ግድግዳ ላይ አስደግፉና ከሥሩ ተጠለሉ፣ የ14 ቀን ምግብና ውሃ አስቀምጡ ይላል። ሰው ከሞተ ስምና አድራሻውን ጽፋችሁበት፣ ሸፍናችሁ ወደ ሌላ ክፍል አውጡት፤ ከ5 ቀን በላይ ከቆየና መውጣት ከተቻለ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ለጊዜው ቅበሩት ይላል። ለቀስተኛ የለ፣ ድንኳን የለ፣ ጎረቤት የለ! ቶምፕሰን በ1980 በዚያው ርዕስ ላይ አንዲት ቃል ለውጠው መልስ ጻፉ፤ ተከለሉ የሚለውን ተቃወሙ አደረጉት።

በዚያው ዓመት ከሌሎች ጋር ሆነው ከፖላንድ እስከ ፖርቱጋል ያለው አውሮፓ ከኑክሊየር መሣሪያ ነፃ ይሁን የሚል ጥሪ አወጡ። የምዕራቡም የምሥራቁም ሚሳይል ይነሣ ነው ነገሩ። በምሥራቅ አውሮፓ ለነፃነት ከሚታገሉትም ጋር አበሩ። ስለዚህ ለንደን ውስጥ የሞስኮ መሣሪያ ሲባሉ፣ ሞስኮ ደግሞ በበኩሏ ወቀሰቻቸው። ከሁለት ወገን መሰደብ ያደክማል፤ እሳቸው ግን ከስብሰባ ስብሰባ እየዞሩ የታሪክ ሥራቸውን ለዓመታት ገታ አደረጉ።

በ1987 አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት የመካከለኛ ርቀት ሚሳይሎችን ለማስወገድ ተፈራረሙ። የሰልፈኛው ድርሻ ምን ያህል እንደ ነበር አሁንም ያከራክራል። ቶምፕሰን ነሐሴ 28 ቀን 1993 በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ዶሮቲ፣ እሳቸውም የታሪክ ሊቅ ናቸው፣ እስከ 2011 ኖረዋል። ውሉ ደግሞ በ2019 ፈረሰ።