የልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝኛ

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣነው ተማሪዎች ከኪሳችን አንዲት ትንሽ ደብተር አትጠፋም። በግራ በኩል ከበድ ያለ የእንግሊዝኛ ቃል፣ በቀኝ በኩል ፍቺው ይጻፍባታል። ማታ ማታ እርስ በርሳችን እንጠያየቅባታለን፤ ፍቺው የጠፋበትም ይሳቅበታል። በዚህች ደብተር ምክንያት የደብረ ታቦሩን ልጅ የልዑል ዓለማየሁን ነገር ደጋግመን አንሥተናል። እርሱ እንግሊዝኛን የተማረው ያለ አገሩ ልጅ ብቻውን ነውና።

ዓለማየሁ በሚያዝያ ወር 1853 ዓ.ም. ከዐፄ ቴዎድሮስና ከእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ተወለደ። ገና የአንድ ዓመት ተኩል ሕፃን ሳለ፣ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. አባቱ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ መልስ ግን ሳይሰጥበት ቀረ። ከዚያ የመጣውን ጣጣ አንባቢ ያውቀዋል፤ የአውሮፓውያኑ መታሰር፣ የናፒየር ጦር መምጣት፣ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍም መንገድ እየተጠረገለት በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ መጎተቱ። ያ መንገድ በደጃችን ያለፈ ነውና ከታሪኩ ሁሉ ለእኛ ይህ ይቀርበናል።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ሞቱ። እቴጌይቱ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በግንቦት ወር ትግራይ ላይ ዐረፉ። የሰባት ዓመቱ ልጅ ለካፒቴን ስፒዲ ተሰጠ። ይህ ሰው ቀድሞ በቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገለ፣ ባሻ ፈለቀ የተባለ፣ አማርኛ የሚያውቅ ነበር። የቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት አለቃ ዘነብ ልጁን ሊያስተምሩ አብረው ተነሥተው ነበር፤ ነገር ግን እንግሊዝ አገር ሳይደርሱ ተመለሱ። እንግዲህ ለልጁ የቀረለት የስፒዲ አማርኛ ብቻ ሆነ።

እርሱም አልዘለቀም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ልጁን ከስፒዲ ለይቶ ቸልተናም አስገባው፤ ቀጥሎ ወደ ራግቢ፣ ከዚያም ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተላከ። በትምህርቱ ደካማ ነው ተባለ። እዚህ ላይ ቅር ይለናል። እኛ አንዱን ባዕድ ቃል ስንይዝ በእናታችን ቋንቋ ላይ አስደግፈን ነው። የእርሱ መደገፊያ ግን በየጊዜው ከሥሩ ተወስዶበታል፤ ይህንን በውጤቱ ላይ የቆጠረለት አልነበረም። አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ ከአገር ቤት ደብዳቤ ይልኩለት ነበር፤ የተጻፈውም በአማርኛ ነው።

ሳንሸሽግ እንናገር፤ ከመካከላችን አንዳንዶቹ በደብተራቸው የቀኝ ገጽ ላይም ፍቺውን በእንግሊዝኛ መጻፍ ጀምረዋል። ለምን ቢባሉ፣ አማርኛው አልመጣልንም ይላሉ። እነርሱን ማንም ከማንም አልለያቸውም።

ዓለማየሁ ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ሞተ፤ ዕድሜው 18 ዓመት ነበር። በንግሥቲቱ ፈቃድ በዊንድሰር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ። በ1999 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዐፅሙ እንዲመለስላት በደብዳቤ ጠየቀች። በ2015 ዓ.ም. ጥያቄው እንደገና ሲነሣ ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም ሲል መለሰ። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከራሱ የተቆረጠ ጥቂት ጠጉር ለንደን ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ተሰጠ።